ከዓባይ ማዶ

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ሲታሰሩ የጎጃም ገበሬ እንባ አላፈሰሰም። ራስ ኃይሉ በግብር ላይ ግብር የሚደርቡ፣ ከገበያውም ከኬላውም ድርሻቸውን የማይለቁ ገዥ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ 300 ሺህ ብር ተቀጡና ወደ እስር ተላኩ። በምትካቸው የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድና አብሮ አደግ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ዓባይን ተሻግረው ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ራስ እምሩን ብዙዎች በደግነታቸውና በፍርዳቸው ያነሷቸዋል፤ እኔም የምቃወመው የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጎጃምን የሚገዛው ሰው የሚመዘነው ለአገሩ በሠራው ሳይሆን ለአዲስ አበባ ባለው ቅርበት ሆነ። የጎጃም ሰው ደግሞ በተራው ገና አፉን ሳይከፍት «የራስ ኃይሉ አገር ሰው» ተብሎ በሥጋት ይታይ ጀመር። ሹሙ በዝምድናው ይታመናል፤ ገበሬው በትውልዱ ይጠረጠራል። እዚህ የምተርከው ይህ አመዛዘን ከንጉሡ ዘመን እስከ እኛ ዘመን እንዴት እንደደረሰ ነው። ትረካው የሚያተኩረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በብቸናና በሞጣ ላይ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ለዚህ ይመቻል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ድልድይን አልፎ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ገደል ውስጥ ያልፋል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። የብቸና ሰው ነፍጥ ይዞ ካልሸፈተ በቀር አቤቱታውን ይዞ የሚወርደው በዚሁ ገደል ነው። ሹሙም፣ ጦሩም፣ አዋጁም የሚመጡበት በዚሁ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ወደ ሽሬ ግንባር በዘመቱበት ጊዜ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከኋላቸው ሸፈቱ። የጎጃም ባላባት በሸዋ ሹም ላይ የቋጠረው ቂም ጣሊያን በር ላይ በቆመበት ሰዓት እንኳ አልበረደም ነበር። ከዚያ አምስቱ የወረራ ዓመታት መጡ። ከብቸና አውራጃ የወጣው በላይ ዘለቀ የመሳፍንት ዘር ሳይኖረው፣ ሹመት ሳይሰጠው፣ በራሱ ጎበዝ አለቅነት ጦር ሰብስቦ ጣሊያንን አላስቀምጥ አለ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ መሻገሪያ ሲያፈገፍግ ገደሉን ይዘጋል ተብሎ የተጠበቀው በላይ ነበር፤ ግን አልዘጋውም። በዘመቻው የነበሩ እንግሊዞች እንደጻፉት ከመካከል የገቡት ከእስር ወጥተው ከጣሊያን ጋር ያበሩት ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ ልጄን እድርልሃለሁ ብለው እጁን እንዲሰበስብ አደረጉት። ደሃ አደጉ አርበኛ ከትልቅ ቤት ጋር መዛመድ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። አርበኝነት ብቻውን በቤተ መንግሥት ደጅ እንደማያስገባ ገብቶታል።

እንዳሰበውም ሆነ። ነጻነት ሲመለስ በላይ ደጃዝማች ተባለ፤ ብቸና ተሰጠው። ከባላባት ወገን የሆኑት ጓደኞቹ ግን ከሱ የላቀ ማዕረግና ሰፋ ያለ ግዛት አገኙ። ቅር ተሰኘ፤ ከበላዮቹ ጋር ተጋጨ፤ በመጨረሻም ሶማ አምባ ላይ ወጥቶ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጋ። እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ከእስር ሊያመልጥ ሲል ተይዞ በጥር 1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ከጣሊያን ጋር ያበሩት ራስ ኃይሉ በቁም እስር ተቀምጠው በተፈጥሮ ሞት አረፉ። ይህን ሁለት ፍርድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያላዘነ የብቸና ሰው አላውቅም። አንደኛው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነበሩ፤ ሌላው የማንም አልነበረም።

በላይ በተሰቀለበት ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። ከነጻነት በኋላ በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ምክንያት ጎጃም ውስጥ አመፅ ተነሥቶ ነበር። ገበሬው መሬቴ ይለካል፣ ቃላድ ይጣልብኛል፣ ርስቴ የመንግሥት ይሆናል ብሎ ሰግቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1937 አዋጁን ሲያሻሽሉ ጎጃም፣ ትግሬና በጌምድር መሬታቸው ሳይለካ ከወረራው በፊት በሚገብሩት መጠን እንዲገብሩ ፈቀዱ። ያ ፈቃድ ከርኅራኄ የመጣ አይመስለኝም። ትግራይ ውስጥ የተነሣውን የወያኔ አመፅ ለመስበር በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን መደብደብ ነበረባቸው። መንግሥት እያንዳንዱን አገር የሚያየው ምን ያህል ያስፈራኛል፣ ማንስ ይያዝልኛል እያለ ነበር፤ ግብሩም የሚቆረጠው በዚሁ ሒሳብ ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በኅዳር ወር የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ አዋጅ ነው፤ የድሮውን አሥራት አስቀርቶ ሰው ባገኘው ልክ ይክፈል የሚል ነበር። ገቢውን የሚተምነው ግን ገማች ነው። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል፣ ይህን ያህል ብር ያወጣል ብሎ ይጽፋል። የጎጃም ርስት ደግሞ ከአንድ አቅኚ አባት የሚወርድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚካፈለውና የሚከራከርበት፣ ስንቱ ሰው የት የት ቦታ እንዳለው ከዘመድ በቀር የማያውቀው ይዞታ ነበር። አንድ እንግዳ መጥቶ «ይህ የማን ነው?» ብሎ በመዝገብ ማስፈር ከጀመረ ነገ ያ መዝገብ ቃላድ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። ደቡብ ውስጥ መሬት ከተለካ በኋላ ገበሬው ምን እንደደረሰበት በነጋዴውም በወታደሩም አፍ ይወራ ነበርና።

አዋጁን የሚያስፈጽሙት ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ታማኝ ናቸው፤ ከጎጃም ጋር የሚያዛምዳቸው ነገር ግን አልነበረም። ዓባይን ሲሻገሩ የራሳቸውን ሰዎች ይዘው መጡ የሚለው ቅሬታ የቆየ ነበር። ገበሬው ጠመንጃውን አስመዝግቦ እንዲከፍል ታዘዘ፤ በየሰበቡ መዋጮ ተጠየቀ። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የአባቱ አደራ፣ የጣሊያን ጊዜ ማስታወሻ፣ የሠርግና የለቅሶ ክብር ነው። መንግሥት ጠመንጃውን ሲቆጥር «ሽፍታ ነህ» ያለው ያህል ሰማው። ደጃዝማቹና ሹሞቻቸውም ከዚያ የተሻለ ግምት እንዳልነበራቸው አድራጎታቸው ይናገራል። ግብር አልከፍልም ያለ ሁሉ ወንበዴ ተባለ፤ አቤት ያለውም አነሣሽ ተባለ።

በየካቲት ገማቾቹ በጦር ታጅበው ሲወጡ ሞጣና ብቸና እምቢ አሉ፤ ዳሞትም ተከተለ። አመፁን የመሩት ታላላቅ መኳንንት አልነበሩም። የአጥቢያ ዳኞች፣ ጭቃ ሹሞች፣ የነጭ ለባሽ አለቆች፣ በሰፈራቸው ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌዎች ነበሩ። የመንግሥት ሹሞችን ከየወረዳው አባረሩ፤ መንገድ ዘጉ፤ በራሳቸው ሰው ተዳደሩ። ደጋግመው የላኩት መልእክት ግን በንጉሡ ላይ አልነበረም፤ ፀሐዩ ይነሡልን፣ አብረዋቸው የመጡት ሹሞች ይነሡልን፣ በአገራችን ሰው እንተዳደር የሚል ነበር። አጣሪዎች መጥተው ሄዱ። ነገሩ ሳይበርድ ሲቀር ጦር ሠራዊት ገባ፤ አውሮፕላን በገጠሩ ላይ ቦምብ ጣለ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ጎጃም ከሰማይ ሲደበደብ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን የጣለው ፋሺስት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ውጊያው ቀዘቀዘ፤ ንጉሡም አፈገፈጉ። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ወርደው የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዲሱ ግብርም በተግባር ቀረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ግን ሹመታቸውን አላጡም፤ ከፋ ተሰጣቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ አብዮቱ ሲፈነዳ የከፋ ዋና ከተማ የጅማ ሕዝብም አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ። ብቸናና ሞጣ በደም ያስተማሩት ትምህርት ለቤተ መንግሥቱ ሰውየውን ወደ ሌላ ሕዝብ ማዛወር ብቻ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ የዚያ ዘመን ውሳኔ የለም።

ይህን ስጽፍ የጎጃምን ገበሬ ብቸኛ ተበዳይ ማድረግ አልፈልግም። በእምቢታው ያስከበረው ቀላል ግብር በሌላው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ኖሯል። የአርሲና የሲዳሞ ጭሰኛ ርስት የለኝም፣ አትንኩብኝ የሚለው መሬትም የለኝም እያለ ለባለመሬቱ የምርቱን ሲሶ፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ያስረክብ ነበር። በባሌ የተነሣው አመፅ ዓመታት ሲፈጅ እንደ ጎጃም ያለ ምሕረት አልተቸኮለለትም። ሰሜኑ ሲያምፅ «ልጆቻችን ተቀይመዋል» ይባላል፤ ደቡቡ ሲያምፅ የእስላም ነው፣ የሶማሌ እጅ ነው ይባላል። ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው፤ ስማቸውና ሃይማኖታቸው ግን ከአቤቱታቸው ቀድሞ ይነበብ ነበር።

መንግሥት ሞጣን በምን በምን እንደሚያስታውሳት ለማወቅ ሰባራ ድልድይን ማየት ይበቃል። ከሞጣ ወርዶ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በወረራው ጊዜ መካከሉ ተሰበረና ለአሥርት ዓመታት እንደተሰበረ ቀረ። ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱት፣ ከሥሩ ዓባይ እያገሳ ነበር። እህሉም፣ የታመመውም በዚያው ገመድ ያልፍ ነበር። ግብር ገማች ለመላክ፣ ጦር ለመላክ፣ በኋላም ካድሬ ለመላክ አቅም ያላነሰው መንግሥት ያችን ክፍተት ሳይደፍን ሦስት ሥርዓት አለፈ። በ1994 ዓ.ም. የጠገኑት ፎቶግራፉን በመጽሔት አይተው የመጡ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያንን ጎርፍ ሲወስደው በ2001 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

የደርግ ዘመን ለዚህ ትረካ የሚያቀብለው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅና እሱን ተከትሎ የመጣው የገበሬ ማኅበር ነው። መንግሥት በየቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ አብዮት ጥበቃ ምረጡ አለ፤ ገበሬው መረጠ። ሁለተኛው መታወቂያና የይለፍ ወረቀት ነው። ከቀበሌ ደብዳቤ ሳይዝ ኬላ የሚያልፍ መንገደኛ ተጠርጣሪ ሆነ። ሁለቱም ነገሮች ከደርግ በኋላ ዕድሜ አገኙ።

ኢሕአዴግ ጎጃም የገባው በ1983 ዓ.ም. ነው። ኢሕዴን፣ በኋላ ብአዴን የተባለው የግንባሩ አባል ድርጅት በዋግና በወሎ ገጠር ያደገ ስለሆነ ጎጃም ውስጥ ሥር አልነበረውም። በየመንደሩ ቃሉ የሚሰማው ሰው አሁንም ያው የጥንቱ ባላባት ልጅ ወይም የደርጉ ጊዜ ሊቀመንበር ነበር። ድርጅቱ የራሱ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ሰው ለማፍራት በእጁ ያለው ትልቁ ሀብት መሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 16 የመሬት ሽግሽግ አወጀ፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዋና ዋናዎቹ ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ሽግሽጉ ለብዙ ወጣትና ለብዙ ሴት መሬት ሰጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በራሷ ስም መሬት ይዛ የማታውቅ የብቸና ሴት በዚያ ዓመት ይዛለች። አሠራሩ ግን ሰውን በሁለት ሚዛን የሰፈረ ነበር። ተራው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር፣ ማለትም እስከ 12 ጥማድ ድረስ መያዝ ሲችል፣ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለው ከአንድ ሄክታር፣ ከአራት ጥማድ፣ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ቢሮክራት ማን ነው? ቢሮ ረግጦ የማያውቅ፣ በሬ ጠምዶ የሚያድር ሰው ነው፤ በደርግ ጊዜ ጎረቤቶቹ መርጠውት የገበሬ ማኅበር አመራር የሆነ፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ኃላፊነት የነበረው። ስብሰባ ተጠርቶ ስም ይነበባል፤ ስሙ የተነበበው ሰው ምን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ምን እንደነበር ብቻ ይነገራል። ከዚያ ማሳው ይሸነሸናል። የልጆቹ ቁጥር፣ የመሬቱ ለምነት፣ በሹመቱ ሰው መበደሉ ወይም አለመበደሉ ከቁም ነገር አይገባም። ቢሮክራት የተባለው በቀበሌ አመራርም እንዳይገባ ተደረገ። ከዚያ በፊት የነበረው መንግሥት ምረጡ ስላለ የተመረጠ ሰው፣ የተከተለው መንግሥት በመመረጡ ቀጣው።

ገበሬዎቹ አቤት ለማለት ባሕር ዳር ወጡ፤ ሰሚ ሲያጡ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ታሰሩ። ውሳኔው አልተለወጠም። በ1960 ዓ.ም. የሞጣ ገበሬ ርስቱን ከገማች ያስጣለው መሣሪያና ተራራ ስለነበረው ነው፤ የ1989ኙ ቢሮክራት የያዘው ማመልከቻ ብቻ ነበር፤ መሬቱን የወሰደውም ጎረቤቱ ነው። እስከ ዛሬ በብዙ መንደር ለቅሶና ማኅበር የከፈለ ቂም የተዘራው ያኔ ነው።

በስም ዝርዝር ሰውን መለየት ከመሬት ወደ ዜግነት ለመሻገር አልዘገየም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲከፈት 75 ሺህ ገደማ ሰዎች ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ተባረሩ። በ1985ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ በሕጋዊ መንገድ መመዝገባቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። መዝገቡ ሲከፈት ማንም ለዚህ ይውላል አላላቸውም። በቀበሌ መታወቂያ ላይም «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። በሰላሙ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ፈታሹ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ክፉው ቀን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጣ። የትግራይ ጦርነት እየተካሄደ በጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ የትግራይ ተወላጆች ከቤትም ከመንገድም ተለቅመው ታሰሩ፤ አረጋውያንና እናቶችም አልቀሩም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ተናገረ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ቢያንስ 1,000 ሰው መታሰሩን ገለጸ። ያኔ ከዓባይ ወዲህም ወዲያም ብዙ ሰው ዝም አለ፤ አንዳንዱም ጠቋሚ ሆነ። የፖለቲካው ወዳጅነት በዚያን ጊዜ የአማራ ክልልና የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ ግንባር የቆሙበት ነበርና፣ የታሳሪው ለቅሶ የሌላ ሰው ለቅሶ መሰለ።

ወዳጅነቱ ዓመት ከመንፈቅ አልቆየም። በ2015 ዓ.ም. ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ሰዎች መታወቂያቸው እየታየ ከመንገድ ተመለሱ፤ ታማሚ ለሕክምና፣ ተማሪ ለትምህርት፣ ነጋዴ ለዕቃ ሲሄድ ከኬላ ቀረ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ኮሚሽኑ በዋና ከተማዋ የአማራ ተወላጆች በስፋት መታሰራቸውን ገለጸ። አዋጁ፣ ጣቢያዎቹ፣ የፍተሻው መንገድ ሁሉ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ነው፤ የተለወጠው የሚፈለገው ሰው ብቻ ነው።

የጎጃም ተጓዥ ዛሬ የሚያልፈው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ነው፤ 303 ሜትር ይረዝማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 በዚያ ድልድይ ላይ በነጻነት የማለፍ መብቱን ይናገራል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ፈታሹ የመታወቂያውን መስመር ሲያጣ የትውልድ ቦታን፣ የአባትን ስም፣ የአነጋገርን ቅላጼ ይጠይቃል።

በሌላ አገር እንዲህ ያለው ፍተሻ ቢያንስ መዝገብ ነበረው፤ የኒውዮርክ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚያስቆመውን ሰው ሁሉ በቅጽ ይመዘግብ ነበር። ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አጋማሽ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው እንዳስቆመ፣ ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው እንደሆኑ የታወቀው ከራሱ መዝገብ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አንዲት ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው የፈረዱት ያንን መዝገብ ይዘው ነው። በእኛ ኬላዎች ግን ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ስሙ አይጻፍም፤ ማን አስወረደው፣ በምን ትእዛዝ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ተመለሰ የሚል ወረቀት የለም። ስለዚህ የተመለሰው ታማሚ ፍርድ ቤት ቢሄድ መመለሱን የሚያስረዳበት የለውም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ በዓባይም ሆነ በሌላ ኬላ ከመኪና የሚወርድ እያንዳንዱ ተጓዥ ያስወረደው ሰው ስም፣ ምክንያቱና ሰዓቱ የተጻፈበት፣ የፈታሹ ፊርማ ያለበት ወረቀት በእጁ ይሰጠው። ቀሪው ኮፒ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሊያየው በሚችልበት መዝገብ ይቀመጥ።